ሕፃን በጠፋ ጊዜ ስለሚደረገው ምክርና ፍለጋ

ሕፃን ጠፋ የሚል ድምፅ በአንድ ከተማ በተሰማ ጊዜ የሚናገረው ሰው ብዙ ነው፤ የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። ይህን ማለታችን ሕዝባችን ርኅራኄ የለውም ለማለት አይደለም። እንዲያውም የእናቲቱን እሪታ የሰማ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ሞፈሩን ጥሎ፣ ቡናውን ከእሳት ላይ ትቶ መሮጡ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሮጦ ከደረሰ በኋላ የሚያዝዘው አለቃ፣ የሚመደብለት ስፍራ፣ ተመልሶ የሚጠየቅበት ሰዓት ስለሌለ በደጃፍ ቆሞ ወሬ ይሰማል፤ የሰማውንም ጥቂት ጨምሮበት ለሌላው ያቀብላል። በዚህ መካከል የቀኑ ብርሃን ያልቃል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰበሰበው ሕዝብ ምክሩ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ፍለጋ ይሆን ዘንድ ሹማምንትና ካህናት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ለማሳሰብ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር ባኮን እንውሰድ። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምዕራብ ሸዋ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶና በኢጃጂ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ትቶ ወደ ሞቃቱ አገር መግባቱን የሚያስተውለው ወደ እርሷ በቀረበ ጊዜ ነው። የጊቤ ውኃ በአቅራቢያዋ ይወርዳል። በዚያ ያለው የእርሻ ምርምር ማእከል ያወጣቸው የበቆሎ ዘሮችም በመላው ኢትዮጵያ የታወቁ ናቸው፤ ቢ.ኤች. 660 እና ቢ.ኤች. 540 በሚባሉት ስሞች መጀመሪያ ላይ ያለው «ቢ» የባኮ ስም ምልክት መሆኑን ብዙ ገበሬ ሳያውቀው ዘሩን ይዘራል።

የበቆሎውን ነገር ያነሣነው ለምስጋና አይደለም። በነሐሴ ወር ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ በቆሎ እስከ ቤት ጓሮ ድረስ ተጠግቶ በቆመ ጊዜ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ዐሥር ርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ከገባ እናቱ እርሱን አታየውም፤ እርሱም ቤቱን አያይም። ወዲህ ደግሞ ክረምት ያጐደፈው ወንዝና ምንጭ፣ አፉ ያልተከደነ የውኃና የመጸዳጃ ጕድጓድ አለ። ወዲያ አውራ ጎዳናው አለ፤ በእርሱ ላይ ሌሊትና ቀን መኪና ይተላለፍበታል። እንግዲህ በባኮ ሕፃን ቢጠፋ የሚጠፋበት በር ሦስት ነው ብንል ብዙ ከእውነት አንርቅም፤ እርሻው፣ ውኃውና ጎዳናው። ሦስቱም እኩል ጊዜ አይሰጡም። ውኃና ጕድጓድ ደቂቃ እንጂ ሰዓት አይታገሡምና ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለባቸው እነርሱ ናቸው። መኪና በሰዓት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃልና በጎዳናው ላይ ያሉት ከተሞች ወዲያው ሊነገራቸው ይገባል። እርሻው ግን ጊዜ ይሰጣል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ሥርዐት ነው።

ትንሽ ልጅ ሲጠፋ እንደ ትልቅ ሰው አይጠፋም። ትልቅ ሰው መንገድ በሳተ ጊዜ መንገድ ይፈልጋል፤ ሰው ይጣራል፤ ጭስ አይቶ ይጠጋል። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን መጥፋቱን እንኳ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ቢራቢሮ ወይም ግልገል ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲደክመውም ካገኘው ጥላ ሥር ገብቶ ይተኛል። የጠፉ ሰዎችን በመፈለግ ሥራ ብዙ ዘመን የቈዩ የውጭ አገር አዋቂዎች መዝግበው እንደ ገለጡት፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በአብዛኛው የሚገኙት ከጠፉበት ስፍራ እጅግ ሳይርቁ ነው፤ ስማቸው ሲጠራም ብዙ ጊዜ አይመልሱም። የማይመልሱበት አንዱ ምክንያት እንቅልፍ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህም በአገራችን በጣም ሊታሰብበት ይገባል። ገንቦ የሰበረ ወይም ጥጃ ያስጠፋ ልጅ ዱላውን ፈርቶ እንደሚደበቅ የማያውቅ ወላጅ የለም። ሃምሳ ጎልማሳ ዱላ ይዞ ስሙን እየጮኸ በበቆሎው መካከል ቢመጣበት፣ ልጁ ወደ ውስጥ ይሸሻል እንጂ ወደ እነርሱ አይወጣም። ስለዚህ ስሙን የሚጠሩት እናቱ፣ አያቱ፣ ወይም በየቀኑ የሚያጫውቱት እኅቶቹ ቢሆኑ፣ ድምፃቸውም የቁጣ ሳይሆን ለምግብ እንደሚጠሩት ያለ ድምፅ ቢሆን፣ ከሃምሳው ጎልማሳ የተሻለ ይሠራል። ጎልማሶቹ ደግሞ ጥቂት ርምጃ እየሄዱ ሁሉም በአንድነት ዝም ብለው ጆሮ መስጠት ይገባቸዋል። ልቅሶና ማቃሰት በጩኸት መካከል አይሰማምና።

ፍለጋው የሚጀመረው ከቤቱ ውስጥ ነው። ከአልጋው ሥር፣ ከጎተራው ውስጥ፣ ከጆንያው ኋላ፣ ከቆጡ ላይ፣ ከጎረቤትም ጓዳ። ይህን ማድረግ ለወላጆች እንደ ስድብ ሊመስላቸው ይችላል፤ ቤታችንን የማናውቅ ይመስል ይላሉ። ሆኖም አገር ሁሉ ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት ውሎ ልጁ ከእህል ጆንያ ኋላ ተኝቶ ቢገኝ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ስለሌለ፣ ስድቡን መታገሥ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ አንድ አለቃ፣ አንድ ጸሓፊ፣ አንድ ደብተር ያስፈልጋል። አለቃው የቀበሌው ሹም ወይም የፖሊስ ባልደረባ ቢሆን መልካም ነው፤ እነርሱ እስኪደርሱ ግን በዚያ የተገኘ የትምህርት ቤት መምህር፣ የአጥቢያ ካህን፣ ወይም ሕዝቡ የሚሰማው ሽማግሌ ይሁን። ጸሓፊው ልጁ በመጨረሻ የታየበትን ስፍራና ሰዓት፣ ያየውንም ሰው፣ የለበሰውን ልብስ ቀለሙን፣ የሚጠራበትን የቤት ስም፣ በሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ መናገሩን፣ ገና የማይናገርም እንደ ሆነ ይህንኑ ይጽፋል። አለቃውም ለእያንዳንዱ ጭፍራ ድንበር ይሰጠዋል፤ ከዚህ ቦይ እስከዚያ ዋርካ፣ ከዚህ አጥር እስከ ወንዙ ዳር ብሎ። ጭፍራው ሲመለስ «ፈልገናል» ማለቱ አይበቃም፤ የቱን እንደ ፈለገ፣ የቱንስ እንዳልደረሰበት ተናግሮ ይጻፍለታል። የተኛ ልጅ በአጠገቡ ታልፎ ሊቀር ስለሚችል አንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ ሁለተኛውንም ሌላ ጭፍራ ቢያየው ይመረጣል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከደብተርና ከእርሳስ በቀር ምንም ወጪ የለበትም።

እዚህ ላይ ስለ እናቲቱ አንድ ነገር እንናገራለን። በአገራችን ልማድ ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ሴቶች ይከብቧታል፤ ያለቅሳሉ። ሞት ሳይታወቅ ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ነው። ከሚመጣውም ሰው እያንዳንዱ «እንዴት ጠፋ? የት ነበርሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ሃያ ጊዜ ስትናገር ሃያ ጊዜ ትወቀሳለች፣ በሃያኛውም ጊዜ የምትናገረው ከመጀመሪያው የተለየ ይሆናል። ያን ጊዜ «ቃሏ አይገጥምም» የሚል ወሬ ይነሣል። እርሷን መጠየቅ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ጠይቆ ይጽፍ። ሌሎቹ ሴቶች ጓዳዋን ይጠብቁላት፣ ሌሎች ልጆቿን ያብሉላት። ሕፃኑ ራሱ መንገድ አግኝቶ ቢመለስ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘውም አንድ የሚያውቀው ሰው በደጃፉ ይቀመጥ።

ካህናት እንደሚያውቁት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈው ነገር ለዚህ ሁሉ ትምህርት አለው። እመቤታችንና ዮሴፍ ከበዓል ሲመለሱ ልጁ ከመንገደኞቹ ጋራ ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያም በዘመዶችና በሚያውቋቸው ዘንድ ፈለጉት፤ ባላገኙት ጊዜም ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። ሊቃውንት የዚህን ምስጢር በሌላ መንገድ ሲተረጕሙት ኖረዋል፤ እኛ ግን ስለ ሥጋዊው ሥርዐት ብቻ ብንመለከተው፣ ሕፃናት በበዓልና በገበያ ቀን የሚጠፉበት ምክንያት እስከ ዛሬ ይኸው ነው። አባት ከእናቱ ጋራ ነው ይላል፤ እናት ከአባቱ ጋራ ነው ትላለች፤ አክስት ሁለቱን ታምናለች። ደግሞም የፈለጉበትን ተራ እንመልከት። አስቀድመው አብረው የነበሩትን ጠየቁ፤ ቀጥሎ ልጁ በመጨረሻ ወደ ታየበት ስፍራ ተመለሱ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ተራ የለም።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። በጥንት ዘመን በአገራችን ወንጀል በተሠራ ጊዜ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ጉባኤ ይደረግ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስም ሕዝቡ እንዳይበተን ይጠበቃል። በግልጥ መናገር የፈራም ሰው «ወፍ ነገረችኝ» በሚል መንገድ ጥርጣሬውን በምስጢር ያሰማ ነበር። ወንጀለኛው ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነም ካሣው በአገሩ ሰው ሁሉ ላይ ይወድቅ ነበር። በዚህ ሥርዐት ውስጥ መልካምም ክፉም አለ። መልካሙ፣ አንድ ጕዳት በአንድ ቤት ሲደርስ የሁሉ ጕዳይ መሆኑና ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ ተገኝቶ ያየውን መናገሩ ነው። ክፉው፣ ፍለጋውን ከነገሩ ወደ ሰው ማዞሩ ነው፤ ጉባኤው ከተነሣ በኋላ አንድ ጥፋተኛ ካልተገኘ እንደማይበተን ስለሚያውቅ፣ የተጠላው ሰው ስም በወፍ አፍ ይጠራል። ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሲናውዝ ሄዶ በወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ይባል ነበርና። ይህ ልማድ በመንግሥት ተከለከለ። ልቡ ግን አልተከለከለም፤ ዛሬም ልጅ በጠፋበት ቤት ከፖሊስ አስቀድሞ ጠንቋይ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ጠንቋዩም ገንዘቡን ተቀብሎ በምሥራቅ በኩል ያለች ጠይም ሴት ይላል። በምሥራቅ በኩል ጠይም ሴት የሌለችበት መንደር የት አለ?

ወፊቱም ዛሬ በእጅ ስልክ ትበርራለች። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ፣ ለጤና ምርምር የሄዱ ሁለት ምሁራን ሕፃናትን ይመርዛሉ ተብሎ በተነዛ ወሬ ምክንያት በሕዝብ እጅ ተገደሉ። እነዚህ ሰዎች የሄዱት የሕፃናትን ጤና ለማጥናት ነበር። በሕንድ አገርም እ.ኤ.አ. በ2018 ልጅ ሰራቂዎች መጡ የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ተደብድበው ሞቱ፤ ብዙዎቹም መንገደኞች ነበሩ። ስለዚህ በባኮም ሆነ በሌላ ከተማ ልጅ በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያ ዐይን የሚያርፍበት ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድመን እናውቃለን። መንገደኛው ነው፤ ለማኙ ነው፤ አእምሮው የታወከው ነው፤ ቋንቋው የተለየው ነው፤ አኩፋዳውን አንግቦ የሚዞረው ተማሪ ነው። አለቃው ከሚሰጣቸው ትእዛዞች አንዱ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ፣ የተጠረጠረም ካለ ስሙ በአደባባይ ሳይጠራ ለፖሊስ ብቻ እንዲነገር መሆን አለበት። ካህኑም ይህን በመስቀሉ ቢያስጠነቅቅ የሹሙ ቃል ይጸናል። የዚህም ጥቅሙ ለተጠረጠረው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ አንድ ለማኝ ከብቦ በሚጮኽበት ሰዓት በበቆሎው ውስጥ የተኛውን ልጅ የሚፈልገው የለምና።

ይህን ስንል ልጅ አይሰረቅም ማለታችን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በጎንደር ከተማ አንዲት ሕፃን ለገንዘብ ተብላ ታግታ መገደሏ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ በኀዘንና በቁጣ አደባባይ መውጣቱን ሁሉም ያስታውሰዋል። በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያም በሌላም ስፍራ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ብዙ ቤት አስለቅሷል። ሥራ እናስገባለን የሚሉ ደላሎችም ከገጠር ልጆችን ወደ ከተማ ይወስዳሉ። ከዚህ የተነሣ ፍርሃት በሰው ልብ ገብቷል፤ ፍርሃቱም ሁለት ጕዳት ያመጣል። አንደኛው፣ ሰው ሌሊት ለመፈለግ አይደፍርም። ሁለተኛው፣ የጠፋው ልጅ ሁሉ ገና ከጧቱ የተሰረቀ ሆኖ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ዘመዶቹ ጓሮውን ሳያዩ ገንዘብ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው ብለን የምናሳስበው ስለዚህ ነው። ጓሮው ይፈለጋል፤ ጎዳናውም ይጠበቃል። የባኮ ፖሊስ በአንድ ስልክ ወደ ምሥራቅ ለኢጃጂ፣ ለጌዶ፣ ለጉደርና ለአምቦ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ነቀምት ላሉት ጣቢያዎች የልጁን መልክና ልብስ ቢናገር፣ የመኪና ተራ አስከባሪዎችም ብቻውን ወይም ከማያውቀው ሰው ጋራ የተሳፈረ ሕፃን እንዲያዩ ቢታዘዙ፣ ይህ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህ ጎዳና የሚያልፍበት ምዕራብ አገር ደግሞ ልጆቹን በማጣት የቈየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት፣ ኋላም ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት ሰው በልጅነታቸው ከእናታቸው ተሰርቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጡ። ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጐሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው፣ በነቀምት ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1931 ዐረፉ። ከእርሳቸው ጋራ የተሰረቁት፣ ነገር ግን ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ያላገኙት ስንት ይሆኑ? ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ ይወሰዱ የነበሩ የኦሮሞ ልጆችን በባሕር ላይ አስጣለ። ከእነርሱም 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 በደቡብ አፍሪካ በሎቭዴል ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተላኩ። በዚያ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ መንደሩና ስለ ተወሰደበት መንገድ ተጠይቆ ቃሉ ተጻፈ፤ ጥቂቶቹም ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ያነሣነው ስለ አንድ ነገር ነው። የእነዚህ ልጆች ስም እስከ ዛሬ የታወቀው በሩቅ አገር ያለ ሰው ብዕር አንሥቶ ስለ ጻፈው ነው፤ በተሰረቁበት መንደር ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ዛሬ ጽሕፈት በየቀበሌው አለ። አለመጻፍ የድኽነት ሳይሆን የቸልተኝነት ነገር ሆኗል።

ለሹማምንት ደግሞ በግልጥ የምንናገረው አለ። አንዳንድ ጊዜ ወላጅ ወደ ጣቢያ በመጣ ሰዓት «አንድ ቀን ይለፍ፤ ከዘመድ ዘንድ ይሆናል» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ለትልቅ ሰው ምናልባት ይሆናል፤ ለሕፃን ግን ከቶ አይሆንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ልጅ ጠፋ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ፖሊስ ጊዜ ይለፍ ብሎ እንዳያዘገይ ከልክሏል። በዚያው አገር ተሰርቀው ስለ ተገደሉ ልጆች በተደረገ ምርመራ ከ100ው ከ70 የሚበልጡት ሕይወታቸው ያለፈው በተወሰዱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በቴክሳስ አገር አንዲት ሕፃን ተሰርቃ ከተገደለች በኋላ ደግሞ በእርሷ ስም አምበር የተባለ ማስጠንቀቂያ ተደረገ፤ ልጅ የተሰረቀ እንደ ሆነ ራዲዮና ቴሌቪዥን ወዲያው ለሕዝብ ያሰማሉ። እኛ ለዚህ የሚሆን ብዙ መሣሪያ የለንም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በኦሮሞ ዘንድ «ኢያ» የሚባለው የድረሱልኝ ጩኸት ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሲተላለፍ የኖረው ከራዲዮ በፊት ነው። ለዚህ ጩኸት የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግር መድረሱን እንጂ የልጁን መልክና ልብስ አይናገርም። ያን የሚሞላው ከላይ የተናገርነው ደብተር ነው። አባ ገዳዎችና ሲንቄ የያዙ እናቶች በሕዝቡ ዘንድ ያላቸው መከበር ታላቅ ስለ ሆነ፣ ጩኸቱን የሚያስተላልፉትን ሰዎች አስቀድሞ በየጋራው ለመመደብ ከእነርሱ ጋራ መመካከር ሹሙን ያግዘዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ካህናት ሆይ፣ የደወል ድምፅ ከማናቸውም አዋጅ በላይ ይሰማል። በአጥቢያው ልጅ ሲጠፋ የሚደወል የታወቀ የደወል ምት ቢኖር፣ ከቅዳሴም በኋላ የልጁ መልክ ለሕዝቡ ቢነገር፣ በመስጊድ ያሉትም በድምፅ ማጉያቸው፣ የወንጌላውያን ምእመናንም በጸሎት ቤታቸው ይህንኑ ቢያሰሙ፣ ከተማው ሁሉ በግማሽ ሰዓት አንድ ቃል ይሰማል። በዚህ ነገር ሃይማኖት አያለያይም፤ ሕፃኑም የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ይፈለጋል።

ሌላም ሥራ በእናንተ እጅ አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስሟና የወላጆቿ ስም፣ የተወለደችበትም ቀን በመዝገብ ሊጻፍ ይችላል፤ በብዙ ደብርም ይጻፋል። ይህ መዝገብ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ሳይጓደል ቢያዝ ለመንግሥቱ የልደት ምዝገባ ታላቅ ረዳት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኘው ከ100ው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በመላው አገር የወሳኝ ኵነት ምዝገባ ተጀመረ። ለጠፋ ልጅ ይህ ምን ይረዳዋል የሚል ቢኖር፣ በሌላ ከተማ አንዲት ሕፃን ብትገኝና «እናቴ እማዬ ትባላለች፣ አገሬ ቤታችን ነው» ብትል የማን መሆኗን በምን እናውቃለን? ልጁ የእኔ ነው የሚል ሁለት ሰው ቢመጣስ በምን ይዳኛል? እንደ ሰሎሞን ያለ ዳኛ በየወረዳው አናገኝም፤ መዝገብ ግን በየወረዳው ማኖር ይቻላል። ከመዝገቡ ጋራ በየዓመቱ የሚታደስ አንድ ፎቶግራፍ በቤት ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። የሁለት ዓመት ልጅ ፎቶግራፍ ለአራት ዓመቱ አያገለግልምና። በእጅ ስልክ የሚላከውም ፎቶግራፍ የጠፋበት ቀንና ስፍራ፣ የሚጠራውም ጣቢያ ስም ሳይጻፍበት ከተላከ፣ ልጁ ከተገኘ ከዓመት በኋላ እንኳ ሲዞር ይኖራል፤ ሰውም ተታለልኩ ብሎ ሁለተኛውን ማመን ይተዋል።

ልጁ በተገኘ ጊዜ የመጥፋቱን ያህል በጩኸት ሊነገር ይገባል፤ ደወሉ እንደ ገና ይደወል፣ የተደወለላቸው ጣቢያዎች ሁሉ ይነገራቸው፣ በወንዙ ማዶ የቀሩትም ጭፍሮች ይጠሩ። ልጁን በዚያ ሰዓት መምታት ነውር ነው። አባት ከደስታ ብዛት ዱላ የሚያነሣበት ልማድ አለን፤ የተመታ ልጅም በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ይደበቃል። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት፣ ከማን ጋራ እንደ ነበረም በእርጋታ ማስጠየቅ ይሻላል።

ያልተገኘ እንደ ሆነስ? ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ አርባ ቀን ያልፋል፤ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ተፈጥሮ ነው፤ አንወቅስም። የእናቲቱ ጉዞ ግን ያን ጊዜ ይጀምራል። በየወሩ ወደ ጣቢያ ትመጣለች፤ በየወሩም አዲስ ባልደረባ ተቀምጦ ታገኛለች፤ እንደ ገናም ከመጀመሪያው ትነግረዋለች። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ስላለው፣ በጦርነትና በስደት መካከል የጠፋ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ወረዳው ወደዚያ ሊመራት ይገባል፤ ብዙዎች ይህን አያውቁም። ከዚያም በቀር በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያልተገኙ ሕፃናት ስም ብቻ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ምን እንደ ተደረገ፣ ወደ የት እንደ ተጻፈ፣ ምን መልስ እንደ መጣ በየወሩ ይጨመርበት። ሹሙ ወደ ሌላ ወረዳ በተዛወረ ጊዜም ያ ደብተር ከማኅተሙና ከቁልፉ ጋራ ለተተኪው ተቈጥሮ በፊርማ ይሰጠው።